ጭድ ደጅ ከርሞ ክረምቱን እንዲያልፍ፦ ከመደቡ እስከ ሸራው

ከብት በጀመርኩበት ዓመት ነው። ከሰንዳፋ ወጣ ብሎ ባለው ግቢያችን ሦስት የወተት ላሞች ነበሩኝ። ጥር ላይ ጭድ ሲረክስ ሁለት መቶ ያህል እስር ገዛሁ። ሜዳው ላይ ደረደርኩት። ከመርካቶ አዲስ ሸራ አምጥቼ አለበስኩት፣ ጥፍር አድርጌ አሰርኩት፣ ደረቴን ነፋሁ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከፈትኩት። የላይኛው እስር ልክ እንደገዛሁት ብጫ ነው። ደስ አለኝ። ወደ ታች ስወርድ ግን ሲባጎው እጄ ላይ እየተበጠሰ መጣ። የታችኛው ድርድር ውስጡ ጠቁሯል፤ ስስበው እንደ እርጥብ ፍግ ይቦጨቃል። ከሱ በላይ ያለውም ግማሹ ነጭ ሻጋታ ለብሷል።

ጎረቤታችን ያሉ አንድ ሽማግሌ መጥተው አዩት። «አባባ፣ ሸራው እኮ አንድ ቦታ አልተቀደደም» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «ልጄ፣ አንተ የተጣላኸው ከሰማይ ጋር ነው። ውሃው የመጣው ግን በመሬት በኩል ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ክምር የማየው ከታች ጀምሬ ነው። ይሄ መመሪያም እንደዚያው ነው የተጻፈው። ውሃ ጭድ ውስጥ የሚገባው ከመሬት እየተሳበ፣ ከራሱ ከጭዱ እየወጣና ከላይ እየዘነበ ነው። ሁላችንም የምንዘጋጀው ለመጨረሻው ብቻ ነው።

መጀመሪያ የወር ነገር

በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ ሰንዳፋም ሆነ ሆለታ፣ ሰበታም ሆነ ዱከም፣ እህል ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ይታጨዳል። ውቂያው እስከ ጥር ይዘልቃል። ጭድ የሚረክሰው ያኔ ነው። ነሐሴ ላይ ዋጋው የት እንደሚደርስ ከብት ላለው ሰው መንገር ቀባሪን ማርዳት ነው።

በመሀል ግን በልግ አለ። የካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት ላይ ሳይታሰብ ይመጣል፤ አንዳንዴ በረዶ ቀላቅሎ። «ክረምቱ ሰኔ ነው፣ ሸራውን ግንቦት ላይ እገዛለሁ» የሚል ሰው በየዓመቱ አገኛለሁ። እኔ ሸራው ሳይገዛ ጭዱ አይገዛ ባይ ነኝ። ብር ካጠረ ሃያ እስር ቀንሱና ሸራውን ግዙ።

አንድ፦ ጭዱ ራሱ ደርቋል ወይ?

«ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይባላል። ለጭድ ግን ተገላቢጦሽ ነው። እርጥብ ታስሮ የመጣን ጭድ የትኛውም ሸራ አያድነውም፤ እንዲያውም ሸራው ያፍነዋል።

ደህና የደረቀ ጭድ ውስጥ ያለው እርጥበት 15 በመቶ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። 20 በመቶ ካለፈ ሻጋታው ይጀምራል፤ ክምሩም ከውስጥ ይግላል። መለኪያ መሣሪያ የለንም፣ ግን እጅ አለን። ከእስሩ መሀል (ከዳሩ ሳይሆን ከመሀሉ) አንድ ጭብጥ ምዘዙና ጠምዝዙት። ኮሽ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። እንደ ገመድ ከተጠማዘዘና እጃችሁን ከቀዘቀዘው ገና ነው።

ካላመናችሁት የጨው ዘዴ አለ። ክዳን ያለው ደረቅ ብርጭቆ ዕቃ ውሰዱ። ጭዱን አጠር አጠር አድርጋችሁ ቁረጡና ግማሹን ሙሉት። አንድ የሾርባ ማንኪያ የደረቀ ደቃቅ ጨው ጨምሩ፤ ከድናችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ናጡት። ጨው እንደ አሸዋ ከተበተነ ጥሩ ነው። ዕቃው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ወይም እብጥ እብጥ ካለ፣ ጭዱ ውሃ አለበት። ጨው ቤት ውስጥ ራሱ እርጥበት ስቦ ከሆነ ግን ይዋሻችኋል። መጀመሪያ ምጣድ ላይ አሙቁት።

ከነጋዴ ስትገዙ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ኮምባይነር ያጨደው የስንዴ ጭድ ውስጥ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ አረም አብሮ ይታሰራል። እስሩ ከውጭ ደረቅ ነው፣ መሀሉ ላይ አረሙ ይግላል። ሁለተኛ፣ የታሰረበትን ሰዓት ጠይቁ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጤዛው ከባድ ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት የታሰረ ጭድ ጤዛውን ይዞ ነው የሚታሰረው። ሻጩ እንደማይነግራችሁ አውቃለሁ። ክብደቱ ግን ይናገራል፤ አንዱ እስር ከጓደኞቹ በግልጽ ከከበደ ለብቻው አስቀምጡት።

የሱሉልታ ድርቆሽ የምትከምሩ ከሆነ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን። ድርቆሽ ከጭድ ይልቅ ስኳርና ቅጠል ስላለው ቶሎ ይግላል።

ሁለት፦ ቦታው

ከግቢያችሁ ከፍ ያለውን ቦታ ፈልጉ። አንድ ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡና ውሃው በየት እንደሚሄድ ተመልከቱ። ደረቅ መሬት ሁሉ ሜዳ ይመስላል።

ዛፍ ሥር አትከምሩ። ጥላ ጥሩ ይመስላል፣ ነገር ግን ዝናቡ ካቆመ በኋላም ዛፉ ማንጠባጠቡን አይተውም፤ ፀሐይና ንፋስም አይደርስም። ከቤት ጣራ ጠፈጠፍም ራቁ። ከማድ ቤት፣ ከመብራት መስመርና ሰው ሲጋራ ከሚያጨስበት ቦታ ቢያንስ ሃያ ሜትር ይራቅ። እሳትና ጭድ የሚባለው በከንቱ አይደለም።

ክምሩ በርዝመቱ ከተዳፋቱ ጋር ይሂድ። አግድም ካስቀመጣችሁት ግድብ ሆነ ማለት ነው፤ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ሁሉ ጎኑ ላይ ይቆማል። ንፋስ አዘውትሮ የሚመጣበትን አቅጣጫ ደግሞ ጠባቡ ጎን ቢገጥመው ይመረጣል። ሁለቱ ከተጋጩ ግን ተዳፋቱን አስቀድሙ። ንፋሱን በገመድ ትችሉታላችሁ።

ሦስት፦ መደቡ

ሥራው እዚህ ላይ ነው፤ ብሩም እዚህ ላይ ቢወጣ አይቆጭም።

የእኛ አካባቢ መሬት አብዛኛው ጥቁር አፈር ነው፣ ዋልካ። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። በክረምት ያብጣል፣ ውሃውን ይዞ አይለቅም። በላዩ የተቀመጠ ጭድ ደግሞ ልክ እንደ ኩራዝ ክር ውሃውን ወደ ላይ ይስባል። የጤፍ ጭድ በተለይ። ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ ጥቅጥቅ ብሎ ይታሰራል፤ አንዴ ውሃ ከጠጣ አይተፋም። የስንዴ ጭድ ውስጡ ባዶ ቱቦ ስለሆነና ላዩ ስለሚያንሸራትት ትንሽ ይሻላል።

እንዲህ አድርጉ። ክምሩ ከሚያርፍበት በየጎኑ ግማሽ ሜትር ያህል አስፍታችሁ ሣሩን ግፈፉ። ገረጋንቲ ወይም ኮረት አስመጡና ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ደልድሉ፤ መሀሉ ትንሽ ጉብ ይበል። ቀይ አፈር ያለው ሰው ይሄን ሊቀንሰው ይችላል። ዋልካ ላይ ያለ ሰው ግን ድንጋይ ብቻ ጣል ጣል ካደረገ፣ ነሐሴ ላይ ድንጋዩ ሰጥሞ ጭዱ ጭቃው ላይ ተቀምጦ ያገኘዋል። እኔ አግኝቼዋለሁ።

በላይ በኩል፣ ከክምሩ አንድ ሜትር ራቅ ብላችሁ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሩ። እንደ ጨረቃ ጎበጥ ብሎ ውሃውን ወደ ሁለቱም ጎን ይምራ። አፈሩን ወደ ክምሩ ወገን ጣሉት፣ እንደ ትንሽ እርከን ያገለግላል።

ከዚያ ርብራቡ ይመጣል። ትልልቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም የተሰበረ ብሎኬት በመስመር አስቀምጡ። በላዩ ወፈር ያለ የባሕር ዛፍ እንጨት ርዝመቱን ተከትላችሁ ዘርጉ። በሱ ላይ አግድም አጠና ደርድሩ፤ በመካከላቸው አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት ይኑር። ጭዱ ከመሬት ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍ ማለት አለበት። ሥሩን ጎንበስ ብላችሁ ስታዩ ከወዲያ ማዶ ብርሃን መታየት አለበት። ብርሃን ካለፈ ንፋስም ያልፋል። ድመትም ታልፋለች፣ አይጥን ለመከላከል እሱ ትልቅ ነገር ነው።

ፓሌት፣ ማለትም ዕቃ የሚጫንበት የእንጨት ርብራብ፣ ካገኛችሁ ይሄን ሁሉ ድካም ይቀንሳል። በገላንና በዱከም መንገድ ፋብሪካና መጋዘን ስላለ ያገለገለ ፓሌት የሚሸጥ አይጠፋም። ኬሚካል የተሸከመ መሆን አለመሆኑን አሽትቱ፤ የሚሸት ከሆነ ለከብት መኖ ሥር አታስገቡ።

ምስጥ ባለበት ቦታ እንጨቱን አፈር አታስነኩት፤ ድንጋዩ ላይ ብቻ ይረፍ። ሳምንት ሳምንት ድንጋዩን እዩ፤ ቀጭን የአፈር መንገድ ሠርተው ከወጡ በእጃችሁ ጠራርጉት።

ብዙ ሰው በርብራብ ፋንታ መሬት ላይ ላስቲክ ያነጥፋል። አትሳሳቱ። ላስቲኩ የመሬቱን እርጥበት ያግዳል፣ ልክ ነው። ነገር ግን በጎን የገባውን ዝናብም ይዞ ያስቀምጠዋል። ጭዳችሁ ሳፋ ውስጥ ተቀመጠ ማለት ነው።

አራት፦ አደራደሩ

በእጅ የሚነሳው የተለመደው እስር 90 ሳንቲ ሜትር በ45 በ35 ያህል ነው። የእናንተ ቢለይ ስሌቱን አስተካክሉት። እኔ የምሠራው ክምር ወርዱ 2 ሜትር ከ70፣ ርዝመቱ 4 ሜትር ተኩል ነው።

የመጀመሪያውን ድርድር በጎኑ አቁሙት። ማለትም ሲባጎው በጎን ይዋል እንጂ ርብራቡን አይንካ። ሲባጎው ከቃጫ ከሆነ መጀመሪያ የሚበሰብሰው እሱ ነው፤ እሱ ከሄደ እስሩ ይፈርሳል፣ ክምሩም ያዘማል። በዚህ አደራደር ወደ 39 እስር ይገባል።

ከሁለተኛው ድርድር ጀምሮ እስሩ ይተኛ። አንዱን ድርድር በወርድ፣ ቀጣዩን በርዝመት እያጠላለፋችሁ ውጡ፤ ልክ ግንበኛ ብሎኬት ሲያጠላልፍ። በሁለቱም አቅጣጫ 30 እስር ይይዛል። እንዲህ አራት ድርድር። የከበዱትንና የምትጠራጠሯቸውን እስሮች መሀል አትቅበሯቸው። ዳር ላይ ይሁኑ፣ ንፋስ ያግኛቸው፣ ቀድመውም ይበሉ።

ከዚያ ጣራውን ሥሩ። ስድስተኛው ድርድር ከሁለቱም ጎን ግማሽ እስር ገባ ብሎ 20 እስር ብቻ ይያዝ። ሰባተኛው መሀል ላይ አንድ መስመር፣ 10 እስር። ሲደመር ወደ 190 እስር ሆነ፤ ከፍታውም ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ።

አሁን ክምሩ ደረጃ ደረጃ ሆኗል። ደረጃው ላይ ሸራ ብታለብሱ በየደረጃው ኩሬ ይሠራል። ስለዚህ ደረጃውን በልቅ ጭድ ሙሉትና በመንሽ እየደበደባችሁ እንደ ጎጆ ክዳን አስተካክሉት። የድሮ ሰዎች የሚከምሩትን ክምር አስቡ። ሸራ የሚባል ሳያውቁ ክረምት ያሳልፉ የነበረው ትከሻው ቁልቁል ስለሚያንሸራትት ነው። ጭዱን ከላይ ወደ ታች በመንሽ ያበጥሩታል፣ ውሃው በላዩ ላይ ይሮጣል እንጂ አይገባም። እኔ አሁንም ሸራ ሲያጥረኝ ትንሹን ክምር እንደዚያ ነው የማደርገው። እጅ ይፈልጋል፣ የሚችል ሰው ግን አልጠፋም።

አምስት፦ ማልበሱ

ለዚህ መጠን 6 በ8 ሜትር ሸራ ይበቃል። መርካቶ ሸራ ተራ ወርዳችሁ ወፈር ያለውን፣ ዳሩ የታጠፈና ቀለበት ያለውን ምረጡ። ስስ ላስቲክ ርካሽ ነው፣ ግን የእኛ የደጋ ፀሐይ አንድ በጋ ውስጥ ያደርቀውና እንደ ብስኩት ይሰባበራል። ያገለገለ የመኪና ሸራም ሆነ የማስታወቂያ ባነር ይሠራል። ከመግዛታችሁ በፊት ቀትር ላይ ሸራውን ራሳችሁ ላይ ጣል አድርጉና ወደ ፀሐይ ቀና በሉ። ኮከብ ከታያችሁ ቀዳዳ ነው። ሁለት ሦስት ከሆነ ጎሚስታ ጋ ወስዳችሁ አስለጥፉት፤ ሰማይ ሙሉ ኮከብ ከሆነ ለሻጩ መልሱለት።

እስሩ እንደ መጣ ያኔውኑ ጥብቅ አድርጋችሁ አትሸፍኑ። ሰማዩ ጥርት ካለ ሳምንት ያህል ይተንፍስ፤ ማታ ማታ ብቻ ለጤዛው ጣል አድርጉበት።

የሚቀጥለውን ብዙ ሰው አያውቀውም። በበጋ ቀኑ ሞቃት ነው፣ ሌሊቱ ደግሞ እስከ ውርጭ ይቀዘቅዛል። ቀን ከጭዱ የተነሳው እንፋሎት ሌሊት ሸራው ሥር ሲደርስ ውሃ ይሆንና መልሶ ጭዱ ላይ ይንጠባጠባል። አንድ ጠብታ ዝናብ ሳይጥል የላይኛው ድርድር ይሻግታል። መፍትሔው ቀላል ነው። በጭዱና በሸራው መሀል ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ አንጥፉ፣ ወይም በአናቱ ላይ አንድ ረጅም አጠና አጋድማችሁ ሸራውን በሱ ላይ ጣሉት። ንፋስ በአናቱ በኩል ይመላለሳል።

ሸራው እስከ መሬት አይውረድ። ከጣራው ጫፍ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርዶ፣ ከጎኑ ትንሽ ራቅ ብሎ ይንጠልጠል። «ጎኑ ይመታል እኮ» ትሉኝ ይሆናል። ይመታል። ውጪው አንድ ጣት ያህል ይጠቁራል፣ ከዚያ ፀሐይ ሲወጣ ይደርቃል። እስከ መሬት ካፈናችሁት ግን መሀሉ ይሄዳል።

አስተሳሰሩ ላይ ችኮላ አያዋጣም። ሸራው ላይ ድንጋይ አትጫኑ። ድንጋዩ ያረፈበት ይጎደጉዳል፣ ጉድጓዱ ውሃ ይይዛል፣ ውሃው ሸራውን ያወርደዋል። ይልቅ ገመድ በአናቱ አሻግራችሁ ጣሉና በሁለቱም ጫፍ ድንጋይ ወይም አሸዋ የሞላ ጆንያ አንጠልጥሉ። ጭዱ ሲጠቀጠቅና ሲወርድ ድንጋዩም አብሮ ይወርዳል፤ ገመዱ ሁልጊዜ ውጥር ነው። በየሜትር ተኩል አንድ ገመድ ይበቃል። በንፋስ የሚራገብ ሸራ ራሱን በራሱ ይቀዳል፣ ስለዚህ መላላት የለበትም።

የሸራው ቀለበት ቢነቀል አትደንግጡ። እንቁላል የምታክል ድቡልቡል ጠጠር ከሸራው ሥር አስገቡ። ሸራውን በላይዋ ሰብስቡና አንገቷ ላይ ገመዱን ሁለት ዙር አዙራችሁ እሰሩ። ጠጠሯ ቁልፍ ሆነች ማለት ነው፤ ገመዱ ይበጠሳል እንጂ እሷ አትወጣም።

ስድስት፦ መጠበቅና ማውጣት

ከከመራችሁ በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት አፍንጫችሁ ይሥራ። የትንባሆ ወይም የተቃጠለ ስኳር ሽታ ካለ ክምሩ እየጋለ ነው። አንድ ሜትር ተኩል ፌሮ ውሰዱ፣ መሀሉ ድረስ ውጉት፣ ሩብ ሰዓት ቆይታችሁ አውጡት። ለብ ካለ ችግር የለም። ትኩስ ሆኖ ግን የሚያዝ ከሆነ በየቀኑ እዩት። በእጅ አልያዝ ካለ 60 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል፤ የሚያግዝ ሰው ጥሩ፣ ውሃ አዘጋጁ፣ ከዚያ እስሩን እየበተናችሁ አቀዝቅዙ። ጭስ ካያችሁ ግን በፍጹም አትክፈቱት። አየር ሲገባ ይነድዳል። የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ጥሩ።

ከባድ ዝናብ ከጣለ በማግስቱ አንድ ዙር ዞሩት። ቦዩ ተደፍኗል? ገመዱ ላልቷል? ሸራው ላይ ውሃ ቋጥሯል? አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ክምር አንዴ ከተከፈተ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ አራት መቶ እስር ያለው ሰው አንድ ትልቅ ከሚሠራ ሁለት ይሥራ። አንዱ እስከ ሰኔ ይበላ፣ ሌላው ታሽጎ ክረምቱን ይጠብቅ። ስታወጡ ከንፋሱ ጀርባ ካለው ጠባብ ጎን ጀምሩ። ከአናት እስከ ሥር ቀጥ አድርጋችሁ እንደ ዳቦ እየቆረጣችሁ ግቡ። ከላይ ብቻ እየገፈፋችሁ ከሄዳችሁ ጣራችሁን እየበላችሁ ነው።

ያም ሆኖ ዝናብ ከመታው

ዛሬ የመታው ጭድና ሳምንት የሞላው ጭድ አንድ አይደሉም። አሁን የረጠበና ሽታው ያልተለወጠ ከሆነ ሲባጎውን ፍቱ፣ ፀሐይ ላይ በትኑ፣ በቀን ሁለቴ ገልብጡ። ክረምት ሆኖ ፀሐይ ከጠፋ ሌላው መንገድ በዩሪያ ማከም ነው። ለ100 ኪሎ ደረቅ ጭድ 4 ወይም 5 ኪሎ ዩሪያ በውሃ ተበጥብጦ ይረጫል፤ ከዚያ አየር በማያስገባ ላስቲክ ለሦስት ሳምንት ይታፈናል። ጭዱ ቀድሞ ስለረጠበ ውሃው መቀነስ አለበት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ የቀበሌውን የእንስሳት ባለሙያ አጠገባችሁ አድርጉ። ዩሪያ ሲበዛ ከብት ይገድላል፤ ለጥጃም አይሰጥም።

የሻገተውን ግን ለከብት አትስጡ፤ የከበደች ላም ልታስወርድ ትችላለች። በአዲስ አበባ ዙሪያ ወተት ውስጥ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ተገኘ የሚል ወሬ ሲነሳ ጣት የተቀሰረው በዋናነት የኑግ ፋጉሎ ላይ ነበር። ይሁንና የሻጋታ መርዝ በመኖ ገብቶ በወተት እንደሚወጣ ያ ነገር አሳይቶናል። ስትበትኑትም አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ አቧራው ሳንባ ላይ ይቀመጣል። ዝግ በረት ውስጥ ለጉዝጓዝም አይሆንም።

ወደ ፍግ ጉድጓድ ክተቱት፣ ወይም ቤት ለሚሠራ ጎረቤት ስጡት። ለግድግዳ ጭቃ ጭዱ ብጫ ይሁን ጥቁር ግድ የለውም፤ ጭቃው ራሱ ጭዱን ይዞ ስንት ቀን ይቦካ የለ። የእኔ የመጀመሪያ ዓመት ጭድ አሁን የአንድ ሰው ማድ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። ሳልፍ አየዋለሁ።

መስከረም ላይ ክምሩ ሲያልቅ ሸራውን ጠቅልላችሁ አትጣሉት። አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ፣ አይጥ በማይደርስበት ወራጅ ላይ ስቀሉት። ርብራቡን አንስታችሁ ድንጋዩ ስንት ጣት እንደሰጠመ ተመልከቱ። ለመጪው ጥር ስንት ቢያጆ ገረጋንቲ እንደሚጨመር የምታውቁት ከሱ ነው።